ከሕክምና ወደ ቋንቋ፤ የፕሮፌሰር ሊ ፋንግ ኩዌይ ሕይወትና ሥራ

ሁለት ሕመምተኞች አንድ ዓይነት ምልክት ይዘው ቢመጡ፣ ሐኪም ከሚያነሣቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ ሕመሙ በዘር የወረደ ነው ወይስ ከጎረቤት የተላለፈ የሚለው ነው። ምልክቱ ብቻውን መልሱን አይሰጥም። ወላጆችን መጠየቅ፣ ወንድምና እኅትን መመርመር፣ ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። የቋንቋ ጥናትም ይህን የመሰለ ችግር አለበት። ሁለት ቋንቋዎች ብዙ የሚመሳሰሉ ቃላት ቢኖሯቸው፣ የሚመሳሰሉት ከአንድ እናት ስለ ተወለዱ ነው ወይስ በጉርብትና ስለ ተዋዋሱ?

የላኦስ ሕዝብ የሚናገረው ላኦ የተባለው ቋንቋና ቻይንኛ በዚህ ጥያቄ ሊቃውንትን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክሩ ኖረዋል። ለጥያቄው ብዙ ማስረጃ በመሰብሰብ ከሁሉ የሚጠቀሱት ቻይናዊው ፕሮፌሰር ሊ ፋንግ ኩዌይ ናቸው። የእኒህን ሰው ሕይወት ለመጽሔታችን አንባብያን ለማቅረብ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሊ እንደ እኛው ከአገራቸው ወጥተው በሕዝብ ገንዘብ የተማሩ ተማሪ ነበሩ፤ ትምህርታቸውንም የጀመሩት እኔ ዛሬ በምማረው በሕክምና ነው። ሁለተኛ፣ ዐርባ ዓመት የደከሙለት አስተሳሰብ ዛሬ በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ባያገኝም ሥራቸው ግን ወድቆ አልቀረም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ መመርመሩ በማናቸውም የትምህርት ዘርፍ ለተሰማራ ተማሪ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልደትና የመጀመሪያ ትምህርት

ሊ ፋንግ ኩዌይ ኦገስት 20 ቀን 1902 በደቡብ ቻይና፣ ካንተን በመባልም በሚታወቀው በጓንግጆው ከተማ ተወለዱ። የቤተ ሰባቸው አገር ግን በሰሜን ቻይና የሚገኘው የሻንሺ ክፍለ ሀገር ነበር። አባታቸው በ1880 የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ከፍተኛ ፈተና ያለፉና በልዩ ልዩ አነስተኛ ሹመት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ይህ ፈተና ለብዙ መቶ ዓመታት የቻይና ሊቃውንት ወደ ሹመት የሚገቡበት በር ነበር። ነገር ግን በ1905፣ ሊ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳሉ፣ ለዘለቄታው ተሻረ። በ1912 መጀመሪያም ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። እንግዲህ አባት በወጡበት ደረጃ ልጅ ሊወጣ አልቻለም፤ የሊ ትውልድ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት።

ያ ሌላ መንገድ የውጭ አገር ትምህርት ሆነ። በ1900 ቦክሰሮች ተብለው የታወቁት ቻይናውያን በውጭ አገር ሰዎች ላይ ከተነሡ በኋላ፣ ድል ያደረጉት መንግሥታት በ1901 በቻይና ላይ ከባድ የጦር ካሣ ጥለውባት ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ከድርሻው የተረፈውን መልሶ ለቻይና ተማሪዎች ማስተማሪያ እንዲውል አደረገ፤ በዚሁ ገንዘብ በ1911 በቤይጂንግ ቺንግኋ የተባለው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ ወጣቶችን እያዘጋጀ ወደ አሜሪካ ይልክ ነበር። እንዲህ ያለው ስኮላርሺፕ ለተማሪው ዕድል ነው፤ ከበስተ ጀርባው ግን የአንድ አገር ዕዳ አለ። ሊ በ1921 ወደ ቺንግኋ ሲገቡ ይህ ሁሉ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነበር።

ሕክምናን የተዉበት ምክንያት

ሊ በቺንግኋ የመረጡት ለሕክምና የሚያዘጋጀውን ትምህርት ነበር። በዚያን ጊዜ ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ተማሪ ላቲንና ጀርመንኛ መማር ነበረበት፤ ላቲን ለአካል ክፍሎችና ለመድኃኒት ስሞች፣ ጀርመንኛ ደግሞ የጊዜው ታላላቅ የሕክምና መጻሕፍት የተጻፉበት ቋንቋ ስለ ነበር ነው። ሊ ግን እነዚህን ሁለት ቋንቋዎች ሲማሩ ልባቸው ከአካሉ ይልቅ ወደ ስሙ አዘነበለ። በ1924 አሜሪካ ደርሰው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሕክምናውን ትተው የቋንቋ ሳይንስን ያዙ። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ማለትም በ1926፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

በአገር ገንዘብ የተላከ ተማሪ ሕክምናን ትቶ ቋንቋ ልማር ቢል ምን እንደሚባል ለመጽሔታችን አንባብያን መንገር አያስፈልግም። የቻይና ሕዝብ በዚያን ጊዜ ሐኪም አልተረፈውም። ሆኖም ሊ ከሕክምና ይዘውት የወጡት አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ይኸውም ፍርድ ከመስጠት በፊት መመርመር ነው። በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ ይህን ይመሰክራል።

በአሜሪካ ኢንዲያኖች መካከል

ከሚሺጋን ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። እዚያ ያስተማሯቸው በዘመኑ ከነበሩት የቋንቋ ሊቃውንት ሁሉ ስማቸው የገነነው ኤድዋርድ ሳፒርና ሌናርድ ብሉምፊልድ ናቸው። ሳፒር የአሜሪካ ኢንዲያኖችን ቋንቋዎች በየመንደሩ እየዞሩ ያጠኑ ሰው ስለ ነበሩ ተማሪያቸውንም በመጻሕፍት ቤት አላስቀመጡትም፤ ማቶል የተባለውን ቋንቋ እንዲያጠኑ ሊን ወደ ሰሜን ካሊፎርኒያ ላኩ። ማቶልን የሚናገሩት በዚያን ጊዜ በጣም ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሊ ከእነዚህ አፍ የሰሙትን ቃል በቃል፣ ድምፅ በድምፅ ጻፉ። በ1927 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1928 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ስለ ማቶል የጻፉት የዶክትሬት ሥራ በ1930 ታተመ። ማቶል ዛሬ ተናጋሪ የለውም፤ ስለ ቋንቋው የሚታወቀው አብዛኛው ነገር ያለው በዚሁ በአንድ የሃያ አምስት ዓመት ቻይናዊ ተማሪ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

በ1928 ወደ ካናዳ ሄደው በፎርት ቺፔዋያን የቺፔዋያን ቋንቋ ተረቶችን ከአንድ የአገሩ ተናጋሪ እየሰሙ ጻፉ። እነዚህ ጽሑፎች በመጽሐፍ መልክ የወጡት በ1976 ነው፤ ዐርባ ስምንት ዓመት ቆይተው ማለት ነው።

ስለዚህ ዘመን አንድ ሌላ ነገር መጠቀስ አለበት። መምህራቸው ሳፒር እነዚህ የኢንዲያን ቋንቋዎች ከቻይንኛና ከቲቤትኛ ጋር የጥንት ዝምድና አላቸው ብለው ይጠረጥሩ ነበር። ሁለቱንም ወገን በሙያ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ሊ ነበሩ፤ የመምህራቸውን ሐሳብ ይዘው ቢነሡም በቶሎ ስም ሊያገኙበት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በዚህ ሐሳብ ላይ ቤት አልሠሩም፤ የኢንዲያኖቹን ቋንቋዎች እርስ በርሳቸው ብቻ ማነጻጸርን መረጡ።

ወደ አገር መመለስ

በ1929 ሊ ወደ ቻይና ተመለሱ። ከአንድ ዓመት በፊት የቻይና የሳይንስ አካዳሚ የታሪክና የቋንቋ ምርምር ተቋም ተመሥርቶ ነበር፤ እዚያ ከጃኦ ዩዌን ሬንና ከሉኦ ቻንግፔይ ጋር አብረው ሠሩ። ሦስቱ ሆነው ስዊድናዊው ሊቅ በርንሃርድ ካርልግሬን ስለ ጥንታዊ ቻይንኛ ድምፆች በፈረንሳይኛ የጻፉትን ትልቅ ሥራ ወደ ቻይንኛ መለሱት፤ በ1940ም ታተመ። መተርጎም ብቻ አልነበረም፤ ስሕተቱን እያረሙ፣ የጎደለውን እየሞሉ ነበር የሠሩት።

ሊ ግን ዓይናቸውን የጣሉት በደቡብ ነበር። ከቻይና ደቡባዊ ክፍላተ ሀገር ጀምሮ በላኦስ፣ በታይላንድና በበርማ አልፎ እስከ ህንድ አገር አሳም ድረስ ታይ በሚል የወል ስም የሚጠሩ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ከነዚህ መካከል የታይላንድ ቋንቋና ላኦ በመንግሥት ቋንቋነት የታወቁ ናቸው። የላኦ ተናጋሪዎች በላኦስ ካሉት ይልቅ ከሜኮንግ ወንዝ ማዶ በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ያሉት ይበዛሉ። በቻይና ውስጥ ደግሞ በጓንግሺ ጁዋንግ የሚባለው ሕዝብ ከላኦ ጋር ሥጋ ዝምድና ያለውን ቋንቋ ይናገራል። ሊ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሲያም፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ታይላንድ፣ ሄደው ቋንቋውን ተማሩ። በ1935 ጓንግሺ ገብተው በቪየትናም ወሰን አጠገብ ያለችውን የሎንግጆውን፣ እንዲሁም የዉሚንግን አነጋገር መዘገቡ። የሎንግጆው መጽሐፍ በ1940፣ የዉሚንግ ደግሞ በ1956 ታተመ።

ላኦና ቻይንኛ ምን ያመሳስላቸዋል?

ጥያቄው እንዲገባን ጥቂት ምሳሌ እንመልከት። በላኦ ቋንቋ ሦስት «ሳም»፣ አራት «ሲ»፣ ስምንት «ፔት»፣ ዘጠኝ «ካው»፣ ዐሥር «ሲፕ» ነው። በካንተን ቻይንኛ ደግሞ ሦስት «ሳም»፣ አራት «ሴይ»፣ ስምንት «ፓት»፣ ዘጠኝ «ካው»፣ ዐሥር «ሳፕ» ይባላል። ዶሮ በሁለቱም «ካይ» ነው። ፈረስ በሁለቱም «ማ» ነው።

መመሳሰሉ በቃላት አያበቃም። በሁለቱም ቋንቋዎች ቃላቱ አብዛኛውን ጊዜ አጫጭር፣ ባለ አንድ ቀለም ናቸው። በሁለቱም የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃሉን ትርጉም ይለውጣል። በላኦ «ማ» የሚለው ቃል እንደ ዜማው መምጣት፣ ፈረስ ወይም ውሻ ይሆናል፤ በቻይንኛም «ማ» እንደ ዜማው እናት፣ ቃጫ፣ ፈረስ ወይም መሳደብ ይሆናል። ይህን የእኛ ፊደል ሊጽፈው አይችልም፤ ጆሮ ግን ወዲያው ይለየዋል። ቆጠራም ላይ ሁለቱ ይስማማሉ፤ ሦስት መጽሐፍ ለማለት ከቁጥሩ ጋር የነገሩን ዓይነት የሚያመለክት ሌላ ቃል ይገባል።

ከዚህ የተነሣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበሩ የአውሮፓ ሊቃውንት ቻይንኛንና ታይን የአንድ እናት ልጆች ናቸው አሉ። ሊም በ1937 የቻይናን ቋንቋዎች በከፈሉበት ጽሑፍ ቻይንኛን፣ የታይ ቋንቋዎችን ከዘመዶቻቸው ጋር፣ ሚያኦና ያኦን፣ ቲቤትኛንና በርምኛን በአንድ ታላቅ ቤተ ሰብ ሥር አስቀመጧቸው። ይህ አከፋፈል በቻይና ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የትምህርት መሠረት ሆኖ ቆየ።

ዝምድና የሚረጋገጥበት መንገድ

መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም። ይህ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። በዚህ በዐረብ አገር የምንኖር ሁሉ በየቀኑ የምንሰማው ነው። ሳሙና የሚለው ቃላችን ከዐረብኛው «ሳቡን» ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ከዕቃው ጋር በንግድ የመጣ ቃል ነው። ሦስትና ስምንት ግን ሌላ ናቸው። ዐረቦች በ«ሠላሳ» እና በ«ሠማንያ» መጀመሪያ ላይ ምላስን በጥርሶች መካከል አድርገው የሚያወጡት ድምፅ አለ፤ በዚያ ቦታ እኛ ዘወትር የ«ስ»ን ድምፅ እናገኛለን። አንድ ቃል ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባል ነበር። በቃል ላይ ቃል ሲደገምና ሥርዓት ሲይዝ፣ ከዚያም በላይ ግሱን የምናረባበት ስልት ሲስማማ፣ የሥጋ ዝምድና ነው ይባላል።

ሊም በታይ ቋንቋዎች መካከል ያደረጉት ይህንኑ ነው። የታይላንድ ሰው ቤትን «ሩዌን»፣ መውደድን «ራክ»፣ ሙቀትን «ሮን» ይላል። የላኦ ሰው ግን «ሁዌን»፣ «ሃክ»፣ «ሆን» ይላል። የጥንቱ «ር» በላኦ ቋንቋ «ህ» ሆኗል ማለት ነው። የጥንት «ብ»ና «ድ» ደግሞ በላኦና በታይላንድ ትንፋሽ የታከለበት «ፕ»ና «ት» ሲሆኑ፣ በሎንግጆው ትንፋሽ የሌለው ሆነው ቀርተዋል። በዚህ ዓይነት ሊ የታይ ቋንቋዎችን ሰሜናዊ፣ ማእከላዊና ደቡብ ምዕራባዊ ብለው በሦስት ከፈሏቸው፤ ላኦ በሦስተኛው ወገን ይገኛል። ይህ የእርስ በርስ ዝምድና ማንም የማይጠራጠረው ነው። ክርክሩ የተነሣው ከቻይንኛ ጋር ስላለው ግንኙነት ነው።

የጦርነት ዓመታት

በ1937 ጃፓን ቻይናን በሰፊው በወረረች ጊዜ የምርምር ተቋሙ መጻሕፍቱንና ሰነዶቹን ይዞ ከናንጂንግ ወደ ውስጥ አገር ተሰደደ፤ በቻንግሻና በኩንሚንግ አልፎ በመጨረሻ ሊጅዋንግ በምትባል በሲቹዋን ክፍለ ሀገር ባለች ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ ሰፈረ። ሊ ጦርነቱ ሲጀመር በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ እንዲያስተምሩ ተጋብዘው ነበር። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን በ1939 ጦርነቱ ሳያልቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በነዚያ የችግር ዓመታት ወደ ጓይጆው ክፍለ ሀገር ዘልቀው ማክና ሱዪ የሚባሉትን፣ ከታይ ጋር የአክስት ልጅ ያህል የሚቀርቡትን ቋንቋዎች አጠኑ። ስለ ማክ የጻፉት በ1943፣ ማለትም በጦርነቱ መካከል፣ ታተመ። በ1948 አካዳሚው የመጀመሪያዎቹን አባላት ሲመርጥ ሊ ከተመረጡት አንዱ ነበሩ።

ከጦርነቱ በኋላ በሃርቫርድና በዬል አስተማሩ። በ1949 በቻይና የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ የነበሩት በውጭ አገር ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 1969 በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። የጥናታቸው መንደሮች በጓንግሺና በጓይጆው ነበሩ፤ በነዚያ ሃያ ዓመታት ውስጥ ወደዚያ ሄዶ አንድ ቃል ጠይቆ መመለስ አይቻልም ነበር። በእጃቸው የቀረው በወጣትነታቸው የጻፉት ደብተር ነው። ደብተሩ ግን በጥንቃቄ የተሞላ ስለ ነበር ለቀሪው ዘመናቸው በቃቸው።

የሐኪሙ ተቃውሞ

በ1942 ፖል ቤኔዲክት የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ታይ ከቻይንኛ ጋር ሳይሆን ከኢንዶኔዥያ ቋንቋዎች ጋር ነው የሚዛመደው የሚል ጽሑፍ አወጡ። የሚገርመው፣ ሊ ሕክምናን ትተው ወደ ቋንቋ የገቡ ሲሆን ቤኔዲክት ደግሞ ከቋንቋ ምርምር ተነሥተው ሕክምናን ተምረው የአእምሮ ሐኪም ሆኑ፤ የቋንቋውንም ጥናት ከሥራቸው ጎን ለጎን ቀጠሉ።

የቤኔዲክት ማስረጃ አጭርና ኃይለኛ ነበር። ከላይ ያየናቸውን ቁጥሮችና የገበያ ዕቃዎች ትተን የአካል ክፍሎችንና የዕለት ተዕለት ነገሮችን ብንመለከት ሥዕሉ ይለወጣል። ዓይን በላኦ «ታ» ነው፤ በቻይንኛ «ያን»፣ በማላይ ግን «ማታ» ነው። መሞት በላኦ «ታይ»፣ በማላይ «ማቲ» ነው። እሳት በላኦ «ፋይ»፣ በማላይ «አፒ» ነው። ወፍ በላኦ «ኖክ»፣ በጃቫ «ማኑክ» ነው። እኔ የሚለው በላኦ «ኩ»፣ በማላይ «አኩ» ነው። የላኦ ቃል የረዥሙ ቃል ጅራት የቀረ ይመስላል።

ቁጥር ከሌላ ቋንቋ ሊወሰድ አይችልም የሚል ካለ ስዋሂሊን ይመልከት። ስዋሂሊ የአፍሪካ ባንቱ ቋንቋ ነው፤ ሆኖም ስድስትን «ሲታ»፣ ሰባትን «ሳባ»፣ ዘጠኝን «ቲሳ» ብሎ ከዐረብኛ ወስዷል። ነጋዴ ያለበት ቁጥር ይሻገራል። ስለ ዜማውም ቢሆን፣ በ1954 ፈረንሳዊው አንድሬ ኦድሪኩር፣ በመጀመሪያ የእርሻ ትምህርት የተማሩት ሊቅ፣ አንድ ታላቅ ነገር አሳዩ። ቪየትናምኛ ዛሬ ባለ ዜማ ቋንቋ ነው፤ ዘመዱ የካምቦዲያ ቋንቋ ግን ዜማ የለውም። ኦድሪኩር የቪየትናምኛ ዜማ የተወለደው በቃላት መጨረሻ ላይ የነበሩ ድምፆች ሲጠፉ መሆኑን አስረዱ። እንግዲህ ዜማ በኋላ ዘመን ሊበቅልና በጎረቤቶች መካከል ሊዛመት የሚችል ከሆነ፣ ለዝምድና ማረጋገጫ አይሆንም።

ታላቁ መጽሐፍና የመጨረሻ ዓመታት

ሊ በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ አልጮኹም። ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1971 ስለ ጥንታዊ ቻይንኛ ድምፆች ያጠኑትን በቻይንኛ አወጡ፤ ይህ ሥራ ለሩብ መቶ ዓመት ያህል በመስኩ ተማሪዎች እጅ የማይለይ ሆነ። በ1976 ቻይንኛንና ታይን በቀጥታ የሚያነጻጽር ጽሑፍ አቀረቡ። የሚመሳሰሉት ቃላት ብዛትና በዜማቸው ያለው የጸና ሥርዓት እሳቸውን ስለ ዝምድናው አሳምኗቸው ነበር። ተቃዋሚዎቹ ግን ብድርም ሥርዓት ሊኖረው እንደሚችል መለሱ፤ ብዙ ቃላት በአንድ ዘመን ከአንድ ምንጭ ከተወሰዱ፣ ሁሉም ያንኑ የድምፅ ሥርዓት ተከትለው ይገኛሉና።

በ1977፣ ሊ የሰባ አምስት ዓመት ሽማግሌ ሳሉ፣ ዋናው ሥራቸው በሃዋይ ታተመ። ይህ የታይ ቋንቋዎች ማነጻጸሪያ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የታይላንድን ቋንቋ፣ ሎንግጆውንና ፖአይን ለሦስቱ ወገኖች ምሳሌ አድርጎ፣ ላኦንና ሌሎቹን ዘመዶች እየጨመረ፣ የሁሉም እናት የነበረው ጥንታዊ ቋንቋ ምን ድምፆች እንደ ነበሩት ቃል በቃል ይመረምራል። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሊ ጨዋነት በግልጽ ይታያል። የታይ ቋንቋዎችን የሚያስረዳው በራሳቸው በታይ ቋንቋዎች ማስረጃ ነው። የቻይንኛ ዝምድና የሚለው የጸሐፊው እምነት የመጽሐፉ ምሰሶ አልሆነም። ስለዚህም እምነቱ ሲወድቅ መጽሐፉ አብሮ አልወደቀም።

ከዚያም በኋላ አላረፉም፤ ከሌላ ሊቅ ጋር በጥንታዊ የቲቤት የድንጋይ ጽሑፎች ላይ የሠሩት መጽሐፍ በ1987 ወጣ። በዚያው ዓመት ኦገስት 21 ቀን፣ ሰማንያ አምስተኛ ዓመታቸውን በሞሉ ማግስት፣ በካሊፎርኒያ ዐረፉ። ባለቤታቸው ሹ ዪንግ የጥንታዊውን የቻይና የመድረክ ዜማ የሚያውቁ ሴት ነበሩ፤ በስደቱም በማስተማሩም ዘመን አብረዋቸው ኖረዋል።

ዛሬ ምን ይታሰባል?

ከቻይና ውጭ ያሉ አብዛኞቹ ሊቃውንት ዛሬ ላኦንና ዘመዶቹን ከቻይንኛ ቤተ ሰብ ለይተው ያስቀምጣሉ። የሚመሳሰሉትን ቁጥሮች፣ የንግድ ዕቃዎችና የመሣሪያ ስሞች ከሁለት ሺህ ዓመት ያላነሰ ጉርብትና ያመጣው ብድር ነው ይላሉ። በቻይና ውስጥ ግን የቀድሞውን አከፋፈል የሚከተሉ ብዙዎች አሉ። በ2005 ታይላንዳዊው ዊራ ኦስታፒራት በታይ ወገንና በደሴቶቹ ቋንቋዎች መካከል በመሠረታዊ ቃላት ላይ የጸና የድምፅ ሥርዓት መኖሩን ካሳዩ ወዲህ፣ ቤኔዲክት የከፈቱት መንገድ ይበልጥ ተጠናከረ። በ2009 ሌላው ታይላንዳዊ ፒታያዋት ፒታያፖርን የጥንታዊ ታይን ድምፆች እንደገና ሲመረምሩ መነሻቸው የሊ የ1977 መጽሐፍ ነበር። የሊን ውጤት በብዙ ቦታ ያረሙት የሊን መንገድ ተከትለው ነው። እንዲያውም የሊን እምነት የተቃወሙ ሁሉ ሊ በሰበሰቡት ማስረጃ መጠቀማቸው አልቀረም።

ይህ በሕክምናም የሚታይ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ ሐኪም የሰጠው የበሽታ ስም ዛሬ ሊሣቅበት ይችላል። በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ያየውን ሳይቀንስና ሳይጨምር ጽፎ ከሆነ ግን መዝገቡ ዛሬም ያገለግላል። ለሚፈልገው መደምደሚያ እንዲመች አድርጎ ጽፎ ከሆነ ግን ስሙም መዝገቡም አብረው ይጣላሉ።

ለእኛስ?

አገራችን ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት ናት። አማርኛም ራሱ በዘሩ ሴማዊ ሆኖ ሳለ፣ ግሱን በዐረፍተ ነገር መጨረሻ የሚያኖር በመሆኑ የኩሻዊ ጎረቤቶቹን ረጅም ጉርብትና የሚያሳይ ነው፤ በአንድ ቋንቋ ውስጥ ውርስና ብድር አብረው እንደሚኖሩ ለማየት ከራሳችን አፍ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። ማቶል የገጠመው ዕጣም በእኛ አገር ደርሷል። በአባይ አካባቢ ይነገር የነበረውን ጋፋት ዎልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ ሲያጠኑ የቀሩት ተናጋሪዎች ጥቂት አዛውንት ብቻ ነበሩ። ዛሬ ጋፋት የለም፤ የቀረው በወረቀት ላይ የተጻፈው ነው።

ከመካከላችን ወደ ጤና ጣቢያ የሚመደብ ይኖራል፤ ወደ እርሻ ጣቢያ፣ ወደ መንገድ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድም አለ። የሚናገረውን ቋንቋ የማናውቀው ሕመምተኛ ፊታችን ይቀመጣል። ያን ጊዜ የሕመሙን ስም፣ የአካሉን ክፍል ስም፣ የሚወስደውን ቅጠል ስም በራሱ አፍ እንዳለው አድርጎ መጻፍ የሐኪም ሥራም ነው፤ ለሕክምናው ራሱ ይጠቅማልና። የትኛው ቋንቋ ከየትኛው እንደሚዛመድ የሚለው ክርክር በኋላ ይመጣል፤ ምናልባትም ከእኛ በኋላ የሚመጡ ሰዎች ይፈቱታል። ሊ ፋንግ ኩዌይ በ1927 በካሊፎርኒያ፣ በ1935 በጓንግሺ፣ በጦርነቱ ዘመን በጓይጆው የጻፉት ደብተር የቀረው ቃሉን እንደ ሰሙት ስለ ጻፉ ነው።